ቼንሶህ ጉልበት አንሶታል? ፒስተኑን ከመቁረጥህ በፊት ለካ

ባለፈው ሰሞን ከሰቃ የመጣ ልጅ ቼንሶውን፣ ያን በቤንዚን የሚሠራ የእንጨት መጋዝ፣ ጠረጴዛዬ ላይ አሳረፈና «ጋሼ፣ ፒስተኑን ቁረጡልኝና ጉልበት ይጨምር፤ እርስዎ ይቆርጣሉ ብለውኝ ነው የመጣሁት» አለኝ። ሰንሰለቱን በአውራ ጣቴ ነካ ነካ አደረግሁት። ዶልዱሟል። አሥር ደቂቃ ሞርጄ መለስኩለት። ደጅ ያለ የባሕር ዛፍ ግንድ ላይ ሞከረው፣ ሳቀ፣ የሻይ ሰጥቶኝ ሄደ።

ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ሁሉ የሚሠራው ሰንሰለትህ ስለት ካለው፣ ፊልትሮህ ንጹሕ ከሆነና ካንዴላህ በደንብ የሚተኩስ ከሆነ ነው። እነዚህን ሳታይ ፒስተን የምትነካ ከሆነ ጥርሱን የታመመ ሰው እግሩን እንደ ማሸት ነው።

ሌላ ነገር። ብቸኛ የሥራ መሣሪያህ የሆነውን ቼንሶ መጀመሪያ አትሞክርበት። ቆሞ አቧራ የሚጠጣ አሮጌ ፈልግ። በለጠ ጌራ ደን ገብቶ ትልልቁን ቀረሮ ሊጥልበት ጉልበት የሚፈልግ ሰውም እኔ ጋ አይምጣ፤ አልሠራለትም። የራሱን ባሕር ዛፍ የሚቆርጥ፣ ጣውላ የሚያወጣ፣ የቡናውን ጥላ የሚያሳሳ ሰው ነው የኔ ደንበኛ።

በመጀመሪያ የጅማን አየር እወቅ

ይህን ከኢንተርኔት አታገኘውም። እዚያ የሚጽፉት አብዛኞቹ የሚኖሩት ዝቅ ያለ አገር ነው። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ 1,780 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ሞተሩ በአንድ ምት የሚስበው አየር ስስ ነው፤ የሚጨምቀውም ያው ስሱን ነው።

የጥገና መጽሐፉ «ጤነኛ ሞተር 150 ፒኤስአይ ኮምፕረሽን ያሳያል» ሲል (ኮምፕረሽን ማለት ፒስተኑ አየሩን የሚጨምቅበት ኃይል ነው፣ ፒኤስአይ ደግሞ የግፊት መለኪያ) እዚህ ያው ሞተር 120 አካባቢ ያሳይሃል። ሞተሩ አልታመመም፤ አየሩ ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ በፊት 125 ያሳየ የሰው ቼንሶ «አልቋል» ብዬ ፒስተንና ሪንግ (ፒስተኑን የሚከብበውን ቀለበት) ቀይሬ እንደገና ለካሁት። 125! ሰውየው ገንዘቡን ከፈለ፣ እኔም አፈርኩ። ከዚያ በኋላ የፒስተኑን ብር ግማሹን መልሼለታለሁ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት ቀላል ነው። አየሩ ስስ ከሆነ፣ ጉልበት በርካሽ የምናገኘው ያችኑ ስስ አየር የበለጠ በመጭመቅ ነው። የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች በመሣሪያ ማስፋት፣ ፒስተኑን መሸንሸን፣ ይህ ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አያስፈልግም።

ፒስተኑ ምን እየሠራ ነው?

ቼንሶ ቱ ስትሮክ ነው። እንደ መኪና ቫልቭ የለውም። የሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች አሉ፦ አንዱ ቤንዚንና አየር ማስገቢያ፣ አንዱ ጭስ ማውጫ፣ በጎን ደግሞ ከታች ወደ ላይ የሚያስተላልፉ። የሚከፍታቸውም የሚዘጋቸውም ፒስተኑ ነው። በሩም ዘበኛውም እሱ ነው ማለት ነው። የአናቱ ጠርዝ ጭስ ማውጫውንና ማስተላለፊያዎቹን ይከፍታል፤ የታችኛው ቀሚሱ ደግሞ ማስገቢያውን። ስለዚህ ከፒስተኑ ላይ አንድ ሚሊሜትር ባነሳህ ቁጥር የአንዱን በር ሰዓት ቀየርክ።

ለምሳሌ የምይዘው 72 ሲሲ ሞተር ነው። «ስቲል 381»ም «ሁስክቫርና 272»ም የሚባሉት ቼንሶዎች የሲሊንደር ስፋታቸው 52 ሚሊሜትር፣ ምታቸው (ፒስተኑ ከታች እስከ ላይ የሚሄደው ርቀት) 34 ሚሊሜትር ነው። በዚህ ምት ከቀሚሱ 1 ሚሊሜትር ስትቆርጥ ማስገቢያው በአንድ ወገን 3 ዲግሪ ያህል ቀድሞ ይከፈታል፣ በሌላው ወገን 3 ያህል ዘግይቶ ይዘጋል። ድምሩ 6 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ዲግሪው ፒስተኑ የሚያዞረው ዘንግ፣ ክራንክ ሻፍቱ፣ የሚዞረው ነው። ትንሽ መስሎህ አትናቀው፤ ሞተር ያውቀዋል።

የምትፈልገው ዕቃ

ካሊፐር፣ ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካባቸው ቀጫጭን ብረቶች)፣ ኮምፕረሽን መለኪያ፣ ካቻቢቴ፣ የአለን ቁልፎች፣ ሹል ፒንሳ። ግማሽ ክብ የሆነ ጥሩ ሞረድ። ብርጭቆ ወረቀት 400 እና 600። ሙቀት የሚችል ሲልከን። የሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበት ቀጭን ሊድ፣ ውፍረቱ 1.5 ሚሊሜትር ቢሆን ይመረጣል። አንድ ሜትር ሲባጎ። የትምህርት ቤት ጠመኔ። እና አትሳቅ፣ የደም ግፊት መለኪያ፤ ያ በእጅ የሚጨመቅ ፊኛ ያለው የድሮው። ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ታያለህ።

አዲስ የፒስተን ፒን (ፒስተኑን ከሥሩ ካለው ክንድ ጋር የሚያያይዘው ዘንግ) መያዣ ቀለበቶችም ግዛ። አሮጌዎቹን መልሰህ አትግጠም። አንድ ጊዜ «ይህማ ገና አዲስ ነው» ብዬ አሮጌውን መለስኩት፤ በሁለተኛው ቀን ዘልሎ ወጥቶ ሲሊንደሩን ከላይ እስከ ታች እንደ ማረሻ አረሰው። ሁለት ቀለበት የሚያስወጣው ብር ከአዲስ ሲሊንደር ጋር አይወዳደርም።

አንድ፦ ሳትፈታ ለካ

ሞተሩን ትንሽ አሙቀው። ካንዴላውን ፍታ፣ መለኪያውን ግጠም፣ ማስነሻ ማቅለያ ቁልፍ ካለው መዘጋቱን አረጋግጥ፣ ጋዙን ሙሉ ያዝና ስድስት ሰባት ጊዜ ጎትት። ቁጥሩን ጻፈው። በወረቀት ላይ ጻፈው፤ በጭንቅላትህ አትመን።

አሁን ዋናው ልኬት፣ ስኩዊሽ የሚባለው። ፒስተኑ የላይኛው ጫፍ ሲደርስ በአናቱ ጠርዝና በሲሊንደሩ ጣሪያ መካከል የሚቀረው ክፍተት ነው። ሊዱን ጫፉን ትንሽ አጉብጠህ በካንዴላው ቀዳዳ አስገባው፤ የሲሊንደሩን ግድግዳ እስኪነካ ድረስ። ከዚያ ቮላኖውን (ከክራንክ ሻፍቱ ጋር የሚዞረውን ከባድ ጎማ) በእጅህ ቀስ ብለህ አዙረው፣ ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ እስኪያልፍ። ሊዱን አውጣውና የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ለካ።

በፒኑ አቅጣጫ፣ በግራም በቀኝም ለካ። በማስገቢያውና በጭስ ማውጫው አቅጣጫ ብትለካ ፒስተኑ በፒኑ ላይ ስለሚወዛወዝ የውሸት ቁጥር ይሰጥሃል። ሁለቱ ወገን የተለያየ ከሆነ ትንሹን ያዝ።

ከፋብሪካ የሚመጡት ብዙውን ጊዜ 0.8 እስከ 1.2 ሚሊሜትር ናቸው። እኛ የምንፈልገው 0.5 ነው። ከዚያ በታች አትውረድ። ሞተሩ በደቂቃ 13,000 ዙር ሲሽከረከር ቢዬላው (ፒስተኑን ከክራንክ ሻፍቱ የሚያገናኘው ክንድ) ይሳባል፣ ኩሽኔታው ውስጥ ያለው ክፍተትም ይደመራል፤ በእጅ ስታዞረው ያልተነካካው ፒስተን ያኔ ጣሪያውን ይመታል።

ይህች ጠባብ ክፍተት የምትጠቅመው ኮምፕረሽን ስለምትጨምር ብቻ አይደለም። ጠርዝ ላይ ያለውን ቤንዚንና አየር ጨምቃ ወደ መሃል፣ ወደ ካንዴላው ትወረውረዋለች። እሳቱ ቶሎ ይዳረሳል፣ ሞተሩም ማንኳኳት ይቀንሳል።

ሁለት፦ መፍታት

ማርሚታው (የጭሱን ድምፅ የሚያፍነው)፣ ካርቡሬተሩ፣ የሲሊንደሩ አራት ብሎኖች። ይህን ታውቀዋለህ ብዬ አልፈዋለሁ። ክላቹን መፍታት ካለብህ ሲባጎውን በካንዴላው ቀዳዳ ወደ ሲሊንደሩ አስገባ፤ ፒስተኑ እሱ ላይ ተደግፎ ይቆማል። የብዙዎቹ ክላች ጥርስ ግራ ዞር ነው፤ ስትፈታ በተለመደው አቅጣጫ ታግለህ እንዳትሰብረው።

ሲሊንደሩን ስታወጣ ቀጥ አድርገህ ሳበው። አትጠምዝዘው፤ ሪንጉ ቀዳዳ ውስጥ ገብቶ ይሰበራል። ከዚያ የታችኛውን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ድፈነው። አንዲት የፒን ቀለበት እዚያ ከገባች ቀኑን ሙሉ ስትፈልጋት ትውላለህ።

የሲሊንደሩን ውስጥ በባትሪ እየው። ግድግዳው በጠንካራ ብረት የተለበጠ አሉሚኒየም ነው። የተጣበቀ አሉሚኒየም ካለ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ በጥጥ ነክረህ እዚያው ቦታ ላይ ብቻ አስነካው፤ ይፈላል፣ ይለቃል። ውጭ ሆነህ፣ ጓንትና መነጽር አድርገህ። ልባጡ ከተላጠ ግን አሲዱ ሥሩን ይበላዋል፤ ያኔ ሲሊንደሩ አብቅቶለታል። ሲጨርስ በውሃና በሳሙና እጠብ፣ ወዲያው ዘይት ቀባው።

ሦስት፦ ጋስኬቱን ማንሳት

ጉልበቱ ያለው እዚህ ነው። ከሲሊንደሩ ሥር ያለው ጋስኬት ብዙውን ጊዜ 0.5 ሚሊሜትር ነው። የለካኸው ስኩዊሽ 1.05 ከሆነ፣ ጋስኬቱን አንስተህ በቀጭን ሲልከን ስትገጥመው 0.55 ይሆናል። አለቀ፤ የምንፈልገው ይኸው ነው። በ52 ሚሊሜትር ሲሊንደር ላይ ይህ ማለት ከማቃጠያው ክፍል 1 ሲሲ ያህል ቀነስክ ማለት ነው። ክፍሉ ራሱ ትንሽ ስለሆነ አንድ ሲሲ ብዙ ነው።

ስኩዊሽህ መጀመሪያውኑ 0.8 ከሆነስ? ጋስኬቱን ካነሳህ 0.3 ይቀርሃል፣ ፒስተኑም ይመታል። የቢራ ቆርቆሮ በመቀስ ቁረጥ። ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ሁለት ብትደርብ 0.5 ላይ ትደርሳለህ። እኔ እንደ አብነት አሮጌውን ጋስኬት ቆርቆሮው ላይ አስቀምጬ በእስክሪብቶ አስምራለሁ፣ የብሎን ቀዳዳዎቹን በምስማር እበሳለሁ፣ ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አለሰልሳለሁ።

ሲልከን ከመቀባትህ በፊት በደረቁ ግጠመውና ስኩዊሹን እንደገና ለካ። ይህን ዘልለህ ከቀባህ በኋላ ስህተት ብታገኝ ሁሉንም ፍቀህ ማውጣት ነው።

አሁን ብዙ ሰው የማያስተውለው ነገር። ሲሊንደሩ ግማሽ ሚሊ ዝቅ ሲል በሮቹ ሁሉ አብረውት ዝቅ ይላሉ። ጭስ ማውጫው አሁን ሁለት ዲግሪ ያህል ዘግይቶ ይከፈታል፤ እሳቱ ፒስተኑን ትንሽ ረዘም ላለ ጊዜ ይገፋዋል፣ ከታች ያለው ጉልበት ይጨምራል። ማስገቢያው ደግሞ በተቃራኒው ቀድሞ ይከፈታል፣ ዘግይቶም ይዘጋል። ማለትም ቀሚሱን በግማሽ ሚሊ የቆረጥከው ያህል ሆነ። ሞረድ ሳታነሳ!

አራት፦ ቀሚሱን መቁረጥ፣ ወይም አለመቁረጥ

እንግዲህ «ፒስተን መቁረጥ» የሚሉት ይህ ነው። በማስገቢያው በኩል ያለውን የቀሚሱን ታችኛ ጫፍ ማሳጠር። ሞተሩ ለረጅም ጊዜ ይስባል፣ በከፍተኛ ዙር ላይ ይሻለዋል። ዋጋው ደግሞ ከታች ነው፤ በዝቅተኛ ዙር ይደክማል፣ ሚኒሞው (ጋዝ ሳትሰጠው የሚዞረው ዙር) ይረበሻል።

ጋስኬቱን ካነሳህ የኔ ምክር ተወው ነው። ለቀጭን እንጨት፣ ለቅርንጫፍ፣ ፈጥኖ እንዲጮህ ብቻ ከፈለግህ ግን ከ1 ሚሊሜትር አትለፍ። እኔ በአንድ ቻይና ሠራሽ 58 ሲሲ ላይ ጉጉት ይዞኝ 3 ሚሊ ቆረጥኩ። ባዶውን ሲጮህ የመርካቶን ሰው ያስደነግጣል። እንጨት ውስጥ ሲገባ ይሞታል። ቤንዚኑን በካርቡሬተሩ በኩል ወደ ኋላ ይተፋው ነበር፣ ፊልትሮው ሁልጊዜ የራሰ ነው። ያ ፒስተን አሁን የእርሳስ ማስቀመጫዬ ነው።

ከቆረጥክ እንዲህ አድርግ። አናቱ ላይ ያለውን ቀስት አስተውል፤ ቀስቱ ወደ ጭስ ማውጫው ያያል። አንተ የምትነካው ተቃራኒውን ወገን ነው። በማርከር አስምር። ፒስተኑን ሞርሳ ላይ በቀጥታ አትሰረው፤ ይጣመማል፤ በጨርቅ ጠቅልለህ በእጅህ ያዘው። ሞረዱን ጠመኔ ቀባው፤ አሉሚኒየም ጥርሱን እንዳይሞላው ያግዛል። ግራይንደር የሚባል ነገር አታምጣ። ጥቂት ሞርድ፣ ለካ፣ ጥቂት ሞርድ። ስትጨርስ ጠርዙን ከውጭም ከውስጥም በ400 ከዚያም በ600 አለስልሰው። ስል የቀረ ጠርዝ ዘይቱን ከግድግዳው ላይ ይልጠዋል፣ ከዚያ ሞተሩ ይነክሳል፤ ማለትም ፒስተኑ ግድግዳው ላይ ይጣበቃል።

የጭስ ማውጫውን ወገን ቀሚስ በፍጹም አትንካ። እንዲያውም ብትቆርጥም ባትቆርጥም፣ ጋስኬት ካነሳህ ይህን ምርመራ የግድ አድርግ፦ ሲሊንደሩን በደረቁ ግጠም፣ ፒስተኑን የላይኛው ጫፍ ላይ አድርስ፣ በጭስ ማውጫው ቀዳዳ በባትሪ እይ። ቀሚሱ ቀዳዳውን እስከ ታች ድረስ መሸፈን አለበት። ከቀሚሱ ሥር ክፍተት ከታየህ ክራንክ ሻፍቱ ያለበት ክፍል በቀጥታ ከማርሚታው ጋር ተገናኝቷል ማለት ነው። ቀጭን መስመር እንኳን ብትሆን ሞተሩ ንጹሕ አየር መሳብ ሲገባው የራሱን ጭስ ይስባል። መፍትሔው ቆርቆሮውን መልሰህ ሲሊንደሩን ትንሽ ከፍ ማድረግ ነው።

አምስት፦ ርካሽ ፒስተን ከገዛህ

ከአዲስ አበባ፣ ከሶማሌ ተራም ይሁን ከሌላ፣ ተጭኖ የሚመጣው ርካሽ ፒስተን ብዙ ጊዜ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ትርፍ አሉሚኒየም በውስጡ ተንጠልጥሎ ይገኛል። ጣትህን አስገብተህ ዳስስ። የሚንቀሳቀሰውን፣ የሚወጋውን ሁሉ በጥቃቅን ሞረድ አንሳ። የፒኑን ቀዳዳ ጠርዝ ተመልከት። የሪንጉ ጎድጓድ ውስጥ ብናኝ እንዳይኖር። ይህ ሥራ ጉልበት አይጨምርም፤ ዕድሜ ግን ይጨምራል።

አሮጌውንና አዲሱን በወርቅ ቤት ሚዛን አመዛዝን። አዲሱ ጎላ ብሎ የሚከብድ ከሆነ መልሰው፤ ክራንክ ሻፍቱ የተመጣጠነው ለመጀመሪያው ክብደት ነው፣ እጅህ በንዝረት ይደነዝዛል።

ሪንጉን ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ አስገባና በፒስተኑ አናት ገፋ አድርገህ አስተካክለው። የሁለቱን ጫፍ ክፍተት በፊለር ጌጅ ለካ። ለ52 ሚሊሜትር ሲሊንደር 0.2 እስከ 0.3 ጥሩ ነው። በጣም ከጠበበ ሲግል ጫፎቹ ይገፋፋሉ፣ ሪንጉ ይሰበራል፤ ስለዚህ ጫፉን በቀጭን ሞረድ ነካ ነካ አድርግ።

አናቱን እንደ መስታወት ማብረቅስ? ሠርቼዋለሁ፣ ያምራል፣ ጥላሸትም ትንሽ ዘግይቶ ይይዘዋል። ጉልበቱ ላይ ግን ልዩነት አላየሁም።

ቶርኖ ቤት ሂድ የሚሉህ ነገር

አንድ ሌላ ዘዴ አለ። የፒስተኑን አናት ጠርዝ ዙሪያውን በቶርኖ ዝቅ አድርጎ መሃሉን እንደ ቆብ ከፍ ብሎ እንዲቀር ማድረግ፣ ከዚያ የሲሊንደሩን ሥር በዚያው ልክ መላጥ። ሐሳቡ ብልህ ነው። ሲሊንደሩ ዝቅ ሲል የዘገየው የጭስ ማውጫ ሰዓት ጠርዙ ዝቅ በማለቱ ወደ ቦታው ይመለሳል፣ መሃሉ ግን ወደ ማቃጠያው ክፍል ገብቶ ይጨምቃል።

ችግሩ፣ ከላይኛው ሪንግ በላይ ያለው ብረት ይሳሳል። እሳቱ በቀጥታ የሚያርፍበት ቦታ ነው። ጣሪያውም ከውስጥ ምን ያህል ውፍረት እንዳለው ካልለካህ በጨለማ ውስጥ እየቆረጥክ ነው። ፒስተን ደግሞ ፍጹም ክብ አይደለም፤ ቶርኖው ላይ መሃሉን አግኝቶ ማሰር ጥበብ ይጠይቃል። አንዴ አሠርቼ ጠርዙ በአንድ ወገን ቀጥኖ ወጣልኝ። ሁለተኛ አልሞከርኩም። በቀሚሱ ጎን መስኮት መብሳትም እንዲሁ ነው፤ መስኮት ያለው ፒስተን ለሞዴልህ ከተገኘ ግዛ፣ በትራፓኖ ግን አትብሳ።

ስድስት፦ መግጠም

ሁሉንም በሳሙናና በሙቅ ውሃ እጠብ። ቤንዚን ብቻውን የብርጭቆ ወረቀቱን ብናኝ አያወጣም። አድርቅ፣ ቱ ስትሮክ ዘይት ቀባ።

ቀስቱ ወደ ጭስ ማውጫው። የሪንጉ ጫፎች ጎድጓዱ ውስጥ ያለችውን ትንሽ ፒን መሃላቸው ያድርጓት። የፒን ቀለበቶቹ ክፍት አፍ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይሁን፣ ወደ ጎን አይሁን፤ ፒስተኑ ሲመላለስ ወደ ጎን ያለው አፍ ይጨመቅና ቀለበቱ ሊዘል ይችላል። ሲልከኑን ስስ አድርገህ ቀባ። ብዙ ካደረግህ ወደ ውስጥ ተርፎ ይወጣና ተቆርጦ ኩሽኔታ ላይ ያርፋል። ብሎኖቹን በመስቀለኛ አጥብቅ፣ ከዚያ ሲልከኑ ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሰዓት ያህል ይድረቅ። ጅማ በክረምት እርጥብ ናት፤ እኔ አንድ ሌሊት አሳድረዋለሁ።

ሰባት፦ አየር ያፈስ እንደሆነ

የደም ግፊት መለኪያው ተራው ደረሰ። የማስገቢያውንና የጭስ ማውጫውን ቀዳዳ ከብስክሌት የውስጥ ጎማ በተቆረጠ ላስቲክ ሸፍነህ እሰር። ካንዴላውን አጥብቅ። ከካርቡሬተሩ ወደ ክራንክ ሻፍቱ ክፍል የምትሄደውን ቀጭን የአየር ቱቦ ከመለኪያው ጋር አገናኝና ፊኛውን ጨምቅ። 300 ላይ ስትደርስ 0.4 ባር ማለት ነው፤ ለዚህ ሥራ ይበቃል። መርፌዋ ቆማ ትቆይ። ከወረደች የሳሙና አረፋ ቀባና የት እንደሚፈነዳ ፈልግ። ብዙ ጊዜ ከሲሊንደሩ ሥር ወይም ከክራንክ ሻፍቱ የጎን ማኅተሞች ነው።

ይህን የዘለለ ሰው ፒስተኑን ደግሞ ይገዛል። ትርፍ አየር ሲገባ ቤንዚኑ ይሳሳል፣ ቤንዚኑ ሲሳሳ ዘይቱም አብሮ ይሳሳል፣ ከዚያ ይግላል፣ ይነክሳል።

ስምንት፦ ቤንዚኑ

ኮምፕረሽን የጨመረ ሞተር መጥፎ ቤንዚን አይምርም። መንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የሚሸጠው ላምባ ተቀላቅሎበት ከሆነ ሞተሩ ያንኳኳል፣ የፒስተኑን አናት ይቆረጥመዋል። በንጹሕ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣል። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ያለበት የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል።

ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ታንኮች በአንድ ሊትር ቤንዚን 25 ሚሊ ሊትር ጥሩ ቱ ስትሮክ ዘይት አድርግ። ያ 40 ለ1 ነው። መርፌ መውጊያ ሲሪንጅ ከመድኃኒት ቤት ግዛና በልክ አድርግ፤ በክዳን መለካት ይቅር። የመኪና ዘይት አይሆንም።

ዘጠኝ፦ ካርቡሬተሩን ማስተካከል

አሁን ሞተሩ ከበፊቱ የተለየ ሞተር ነው፤ የድሮው ቅንብር አይሆነውም። «ኤል» (የዝቅተኛ ዙር) እና «ኤች» (የከፍተኛ ዙር) የተጻፈባቸውን ቪቴዎች ቀስ ብለህ እስኪቆሙ ዝጋ፣ አታጥብቅ፣ ከዚያ እያንዳንዳቸውን አንድ ዙር ክፈት። አስነሳና አሙቀው። መጀመሪያ ኤልን፣ ጋዝ ስትሰጠው ሳይንተባተብ እንዲነሳ። ከዚያ ሚኒሞውን፣ ሰንሰለቱ እንዳይዞር።

ኤች ላይ ጆሮህን ክፈት። ሙሉ ጋዝ ይዘህ ባዶውን ለሁለት ሦስት ሰከንድ ስታስጮኸው ድምፁ ትንሽ ሻከር ያለ፣ የተደናቀፈ ይሁን። እንጨት ውስጥ ስታስገባው ይጠራል። እንደ ወባ ትንኝ ጥርት ብሎ የሚጮህ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል፤ ቪቴውን ወደ ግራ ክፈት፣ ወዲያው። አንዳንድ አዳዲስ ቼንሶዎች ዙር የሚገድብ ኮይል አላቸው፤ ገደቡ ላይ ሲደርሱ የሚያሰሙት መደናቀፍ የቤንዚን ብዛት ይመስላል፤ እንዳያታልልህ፣ እነዚያን ዙር መለኪያ ይዘህ አስተካክል።

ጥቂት እንጨት ከቆረጥክ በኋላ ሙሉ ጋዝ ላይ እያለ አጥፋውና ካንዴላውን ፍታ። የጅማ ልጅ ቡና ሲቆላ እያየ ስላደገ ይህን ማስረዳት አይከብደኝም። መካከለኛ የተቆላ ቡና ቀለም ደህና ነው። ያረረ ጥቁር ከሆነ ቤንዚን በዝቷል። እንደ ጥሬ ቡና የነጣ ከሆነ እንዳታስነሳው፤ መጀመሪያ ኤችን ክፈት።

ቼንሶውን ይዘህ ወደ ጋምቤላ የምትወርድ ከሆነ ይህን አትርሳ። እዚያ ከፍታው ከ600 ሜትር በታች ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ እዚህ የተስተካከለው ካርቡሬተር እዚያ ቤንዚን ያንሰዋል። እንደደረስክ ኤችን ጥቂት ክፈትና እንደገና አዳምጥ።

የመጀመሪያዎቹ ታንኮች

አሥር ደቂቃ ቁረጥ፣ አቀዝቅዝ፣ እንደገና ቁረጥ። ቀላል እንጨት ይሁን። ኤችን ስታስተካክል ካልሆነ በቀር ሙሉ ጋዝ ባዶውን አታስጮህ። ማርሚታውን ካሰፋህ የብልጭታ ወንፊቱን እንዳትጥል፤ በበጋ ደረቅ ቅጠል ላይ አንዲት ብልጭታ ትበቃለች።

ሦስተኛው ታንክ ሲያልቅ ሞተሩ ሲበርድ ማርሚታውን ፍታና በቀዳዳው የፒስተኑን ጎን እይ። ቀጥ ያሉ ጭረቶች ካልታዩና ግራጫው ገጽ ለስላሳ ከሆነ ሪንጉ እየተቀመጠ ነው። ኮምፕረሽኑን ደግመህ ለካና መጀመሪያ ወረቀቱ ላይ ከጻፍከው ቁጥር ጎን አስፍረው። እኔ ጋ ብዙዎቹ ከ120 አካባቢ ተነስተው 140ን አልፈው ይመጣሉ። ካልጨመረ ሊዱን አውጣና ስኩዊሹን እንደገና ለካ፤ ወይ ሲልከኑ ወፍሯል፣ ወይ መጀመሪያ ስትለካ በፒኑ አቅጣጫ አልለካህም።